ማሳየት ይቅደም፣ ጥያቄው ይከተል፦ የጆን ዊትሞር የ«ኮቺንግ» መጽሐፍ ሲመዘን

የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለኢንተርንሺፕ አንድ ፋብሪካ ገብቼ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የውኃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅስ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር አስቸገረ። ሲያስነሱት ያጉረመርማል፣ አይዞርም፣ ትንሽ ቆይቶ ኦቨርሎድ ሪሌዩ ያጠፋዋል። ኦቨርሎድ ሪሌይ ማለት ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ከረንት ሲስብ ሳይቃጠል በፊት ቀድሞ የሚያጠፋው መከላከያ ነው።

የምርት ክፍል ኃላፊያችን ቅን ሰው ነው። ኤሌክትሪክ ሙያው አይደለም፤ ግን በቅርቡ «ኮቺንግ» የሚባል ሥልጠና ወስዶ ተመልሷል። አጠገቤ መጥቶ ቆመና እንዲህ አለኝ።

«ግብህ ምንድን ነው?»

«ሞተሩ እንዲሠራ።»

«አሁን ያለው ሁኔታስ?»

«አይሠራም።»

«ምን ምን አማራጮች ይታዩሃል?»

እውነቱን ለመናገር የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሪሌዩ ላይ ስንት አምፒር ሲደርስ እንዲያጠፋ የሚወስን ትንሽ ማስተካከያ አለች። እሷን ከፍ ማድረግ። ነገርኩት። «ጥሩ አስበሃል፤ መቼ ትጨርሳለህ?» አለኝ። «አሁኑኑ» አልኩ። ደስ ብሎት ሄደ። እኔም ማስተካከያዋን ከፍ አደረግኩ።

ሞተሩን እንደገና ላስነሳ ስል አንድ ከርሞ የቆየ ቴክኒሻን አየኝ። «አንተ ልጅ፣ እጅህን አንሳ!» እጄን አነሳሁ። ምንም ሳይቆጣ መጀመሪያ ማስተካከያዋን ወደ ቦታዋ መለሳት። ቀጥሎ ክላምፕ ሜትሩን አውጥቶ፣ ሞተሩን ለአፍታ አስነስቶ፣ ሦስቱን ሽቦዎች አንድ በአንድ እየያዘ አሳየኝ። ሁለቱ ላይ ቁጥሩ አሻቅቧል። ሦስተኛው ላይ ዜሮ። ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ፣ ቆልፎ፣ ኮንታክተሩን ፈታው። ከሦስቱ መገናኛዎች አንዱ ተቃጥሎ ጠቁሯል። ሞተሩ ሦስት ፌዝ እየጠየቀ ሁለት ብቻ ነበር የሚደርሰው።

ከዚያ ጠየቀኝ። «በል አሁን አንተ ንገረኝ፤ ያችን ማስተካከያ ከፍ አድርገህ ብታስነሳው ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?»

መልሱ ከአፌ ወጣ። «በሁለቱ ፌዝ ብዙ ከረንት እየሳበ ይቆያል፤ ሪሌዩ ዝም ይለዋል፤ ጥቅልሉ ይቃጠላል።»

«እንግዲህ ያዝከው» አለና ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ጠየቁኝ። የአንዱ ጥያቄ ሞተር ሊያቃጥል ጫፍ ላይ አደረሰኝ፤ የሌላው ጥያቄ እስከዛሬ የማልረሳውን ነገር አስተማረኝ። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ከዓመታት በኋላ የኃላፊያችን ጥያቄዎች የተቀዱበትን መጽሐፍ ያነበብኩት።

መጽሐፉና ሰውየው

መጽሐፉ «ኮቺንግ ፎር ፐርፎርማንስ» ይባላል። የጻፈው እንግሊዛዊው ሰር ጆን ዊትሞር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቶ ከዚያ ወዲህ እየታደሰ በተደጋጋሚ ታትሟል። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች «ኮቺንግ» ተብሎ የሚሰጠው ሥልጠና በቀጥታም ሆነ በዙሪያ ከዚህ መጽሐፍ ይቀዳል። ዊትሞር ወደዚህ ሥራ ከመግባቱ በፊት የመኪና ተወዳዳሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የብሪታንያን፣ በ1965 ደግሞ የአውሮፓን የሳሉን መኪኖች ሻምፒዮና አሸንፏል።

የሐሳቡ ምንጭ ግን ቴኒስ ሜዳ ነው። አሜሪካዊው ቲሞቲ ጋልዌይ፣ በተማሪነቱ የሃርቫርድ የቴኒስ ቡድን አምበል የነበረ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ቴኒስ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ተጫዋቹን የሚያሸንፈው ከመረቡ ማዶ ያለው ባላጋራ ብቻ ሳይሆን በገዛ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚጮኸው ድምፅ ነው አለ። አሰልጣኙ ትእዛዝ ባበዛ ቁጥር ያ ድምፅ ይበረታል። ዊትሞር ይህን ወስዶ ወደ መሥሪያ ቤት አመጣው። ባልደረቦቹ ያሉበት ቡድን ባዘጋጀው «ግሮው» በሚባል ቅደም ተከተልም አሰናዳው። ቃሉ በእንግሊዝኛ «ማደግ» ማለት ሲሆን የአራት ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ስብስብ ነው፦ ግብ፣ ያለው እውነታ፣ አማራጮች፣ ለማድረግ መቁረጥ። ኃላፊያችን ሞተሩ አጠገብ ቆሞ የጠየቀኝ እነዚህን አራቱን ነበር፣ በተራቸው።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «አሰልጣኝ» ስንል ወዲያው የሚታየን የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነው፤ ጨዋታውን የሚያውቅ፣ መስመር ላይ ቆሞ የሚጮህ። «ሥልጠና» ስንል ደግሞ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ሻይ እረፍት፣ አበልና ሰርተፍኬት። የዊትሞር «ኮች» ከሁለቱም አይደለም። መልስ አይሰጥም፤ ይጠይቃል። ሠራተኛው መልሱን ከራሱ ውስጥ እንዲያወጣ ያግዛል። ዊትሞር ራሱ መንገር ፈጽሞ ክልክል ነው አይልም፤ ሠራተኛው የራሱን አማራጮች ከጨረሰ በኋላ ኮቹ የራሱን ሊጨምር እንደሚችል ይፈቅዳል። ክብደቱ ያረፈው ግን ጥያቄ ላይ ነው። የሥልጠና ተሳታፊዎች ይዘውት የሚወጡትም እሱኑ ነው።

መጽሐፉ ልክ የሆነበት ቦታ

መጽሐፉን ለማጣጣል አይደለም የተነሳሁት። ውስጡ አንድ ወርቅ የሆነ ምሳሌ አለ።

ቴኒስ የሚማር ሰው ኳሷን በደንብ አያያትም እንበል። አሰልጣኙ «ኳሷን እይ!» ብሎ ቢጮህበት ለጥቂት ምት ያያል፣ ከዚያ ይዘናጋል። «ኳሷን እያየህ ነው?» ቢለው «አዎ» ብሎ ይዋሻል፣ ወይም ይከፋዋል። ግን «ኳሷ ስትመጣ ወደየት ነው የምትሽከረከረው?» ቢለውስ? መልሱን ለማግኘት የግድ ኳሷን ማየት አለበት። አልተገሠጸም፣ አልተመሰገነም፤ ዓይኑ ግን ኳሷ ላይ ተተክሏል።

ይህ ምሳሌ በሳይንስም ይደገፋል። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ 131 ጽሑፎችን ሰብስበው በአንድ ላይ መረመሩ። ውስጣቸው 607 የውጤት መለኪያዎችና 23,663 ምልከታዎች ነበሩ። በአማካይ ሲታይ ግብረ መልስ ይጠቅማል። ከ100 ሰው መካከል 50ውን የሚበልጥ የነበረ ሰው ግብረ መልስ ሲያገኝ 66 ገደማውን ወደሚበልጥ ደረጃ ከፍ ይላል እንደ ማለት ነው። ደህና ነው። አስደንጋጩ ሌላው ቁጥር ነው፦ ከአንድ ሦስተኛ በላይ በሚሆኑት መለኪያዎች ግብረ መልሱ የሰዎቹን ሥራ *አባባሰው*።

ለምን? የሁለቱ ተመራማሪዎች ማብራሪያ ትኩረት ላይ ያተኩራል። ግብረ መልሱ የሰውን ሐሳብ ከሥራው አንስቶ ወደ ራሱ ማንነት ሲወስደው ጥቅሙ ይቀንሳል። «ጎበዝ ነህ» እና «አንተ እኮ ቸልተኛ ነህ» በዚህ መለኪያ ወንድማማቾች ናቸው። ሁለቱም ልጁን ስለ ራሱ እንዲያስብ ያደርጉታል፣ ስለ ኮንታክተሩ አይደለም። የኳሷ ጥያቄ ግን በተቃራኒው ሐሳቡን ከራሱ ነቅሎ ሥራው ላይ ይተክለዋል።

ስድብና ትእዛዝ በበዛበት መሥሪያ ቤት ያደገ ሰው የዊትሞርን መጽሐፍ ሲያነብ እፎይ ቢል አይገርምም። ሠራተኛውን እንደሚያስብ ሰው ይቆጥረዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሒሳቡን ስናወራርድ መረሳት የለበትም።

ሠንጠረዡ ስለ ምን ይመሰክራል?

አሁን ወደ ማስረጃው እንግባ። መጽሐፉ መንገር ብቻውን እንደማይበቃ ለማሳየት ከአይ.ቢ.ኤም. የመጣ ነው የሚለውን አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ያቀርባል። ሰዎች በሦስት መንገድ ይማራሉ፤ ከዚያ ምን ያህሉን እንደሚያስታውሱ ይለካል።

ተነግሯቸው ብቻ የተማሩት ከ3 ሳምንት በኋላ 70 በመቶ፣ ከ3 ወር በኋላ 10 በመቶ ያስታውሳሉ። ተነግሯቸው የታዩት 72 እና 32 በመቶ። ተነግሯቸው፣ አይተው፣ ራሳቸውም የሞከሩት 85 እና 65 በመቶ።

ይህ ሠንጠረዥ በሥልጠና አዳራሾች ውስጥ ደጋግሞ ይዞራል። እንደ ኢንጂነር አንድ ቁጥር ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ነገር አለ፦ ስንት ሰው ተለካ? ምን ተማሩ? «ማስታወስ» የተለካው እንዴት ነው? በእጅ አሠርቶ ነው ወይስ በወረቀት ፈተና? 70 እና 72 መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው ወይስ የአጋጣሚ? ሠንጠረዡ ላይ ለእነዚህ አንዱም መልስ የለም። የመለኪያው ስሕተት ያልተጻፈበት ቁጥር ቤተ ሙከራ ይዤ ብገባ አማካሪዬ ወዲያው ነው የሚመልሰኝ።

ግን ይህን እንተወው፤ ቁጥሮቹን አምነን እንቀበል። አሁንም አንድ ችግር አለ፣ እሱም ይብሳል። ሠንጠረዡን ደግማችሁ አንብቡት። የተወዳደሩት ሦስቱ ምንድን ናቸው? መንገር፤ መንገርና ማሳየት፤ መንገር፣ ማሳየትና ማሞከር። *መጠየቅ* የት አለ? የለም! አልተለካም። ሠንጠረዡ ለአንድ ነገር ከመሰከረ የሚመሰክረው ለዚያ ቴክኒሻን ነው፦ ነገረኝ፣ አሳየኝ፣ አሞከረኝ። ስለ ግቤና ስለ አማራጮቼ መጠየቅ ይበልጣል ብሎ ሠንጠረዡ አንድም ቃል አልተናገረም።

የሐሳቡ ደጋፊ ተብሎ የቀረበው ምስክር ለተቃራኒው ወገን ቃሉን ሰጠ ማለት ነው።

ኳሷ ራሷ አስተማሪ ናት

ሁለተኛው የመጽሐፉ ምሰሶ አንድ ታሪክ ነው። ቴኒስ በደንብ የማያውቁ የበረዶ ስኪ አሰልጣኞች፣ የጥያቄውን ዘዴ ስለተማሩ ብቻ፣ ቴኒስ እንዲያሰለጥኑ ተደረገ። ተማሪዎቻቸው ከቴኒስ አሰልጣኞቹ ተማሪዎች እኩል፣ አንዳንዴም በተሻለ ተማሩ። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ኮች ሥራውን ማወቅ አያስፈልገውም፣ እንዲያውም ማወቁ ሊያደናቅፈው ይችላል ወደሚል ያመራል። ሥራውን የማያውቅ ኃላፊ ሠራተኛውን በጥያቄ ብቻ ማሳደግ ይችላል የሚለው ተስፋ የተወለደው እዚህ ነው።

ታሪኩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አልጠራጠረውም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፦ ቴኒስ ሜዳ ላይ የሠራው ነገር ሞተር አጠገብም ይሠራል?

በኢንጂነሪንግ ማንኛውም ራሱን የሚያስተካክል ሥርዓት ሦስት ነገር ይፈልጋል። የሚፈለገው ውጤት መታወቅ አለበት፣ የተገኘው ውጤት መለካት አለበት፣ ልዩነቱም ቶሎ ተመልሶ መድረስ አለበት። የቤታችሁን ምጣድ አስቡት። ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞስታት ከተበላሸ፣ ምጣዱን «ግብህ ስንት ዲግሪ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ምን ይጠቅማል? ወይ እንጀራው ያራል ወይ ሳይበስል ይቀራል።

ቴኒስ ሜዳ ላይ ሴንሰሩ በነፃ ይገኛል። ኳሷ ወይ ትገባለች ወይ ትወጣለች፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ፣ በዓይን ይታያል። ተማሪው ስሕተቱን ለማወቅ አሰልጣኝ አያስፈልገውም፤ ኳሷ ራሷ ትነግረዋለች። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ አሰልጣኙ ዝም ብሎ ትኩረት ቢሰበስብለት በቂ ሊሆን ይችላል።

ሥራ ቦታስ? እኔ ማስተካከያዋን ከፍ ባደርጋት ሞተሩ ምናልባት ለጥቂት ጊዜ አይጠፋም ነበር። ሪሌዩ ዝም ስላለ ብቻ «ደህና ነው» ብዬ ልታለል እችል ነበር። የኦቨርሎድ ጉዳት በዓይን አይታይም፤ ጥቅልሉ ውስጥ ያለው ሽፋን እየጋለ፣ እየደረቀ፣ እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ጉዳቱ የሚታወቀው ጥቅልሉ ሲቃጠል ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። የሒሳብ ሠራተኛው ስሕተት የሚታየው ኦዲተር ሲመጣ ነው። የነርሷ ስሕተት የሚታየው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። መሐንዲሱ ኮንክሪቱን ሳያረጥብ ቢተወው ዛሬ ምንም አይታይም።

ዳንኤል ካህነማንና ጋሪ ክላይን የሰውን ውስጣዊ ግምት በተመለከተ ለዓመታት ተቃራኒ አቋም የነበራቸው ሁለት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 አብረው አንድ ጽሑፍ አወጡ። የተስማሙበት ነጥብ ይህ ነው፦ የልምድ ግምት የሚታመነው ነገሮች በሥርዓት በሚደጋገሙበት፣ ሰውየውም የሥራውን ውጤት አይቶ የመማር ዕድል ባገኘበት ቦታ ነው። ይህ በሌለበት ቦታ ሰው ለዓመታት ሠርቶም በራስ መተማመኑ ብቻ ሊያድግ ይችላል።

እንግዲህ ግብረ መልሱ በዓይን በማይታይበት ሥራ ላይ ሴንሰሩ ማን ነው? ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነው። ክላምፕ ሜትሩን የት ላይ መያዝ እንዳለበት የሚያውቀው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያችን የኳስ ጥያቄ መለስ ብላችሁ እዩአት። «ወደየት ነው የምትሽከረከረው?» ብሎ ለመጠየቅ በቴኒስ የኳስ መሽከርከር ወሳኝ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው «ግብህ ምንድን ነው?» ሊል ይችላል፤ ስለ መሽከርከሯ ግን ለመጠየቅ አይመጣለትም። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ምርጥ ጥያቄ ከቴኒስ ዕውቀት የተወለደች ናት። መጽሐፉ አላዋቂ አሰልጣኝን ሲያሞግስ ይህን ልብ ያለው አይመስልም።

ባዶ ማሰሮ ውስጥ ምን ይቀዳል?

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ጀማሪ አእምሮ ነው። «አማራጮችህን ዘርዝር» የሚለው ጥያቄ አንድ ነገር አስቀድሞ ይገምታል፦ ተጠያቂው ውስጥ የሚወጣ ነገር አለ። እኔ ውስጥ ምን ነበር? አንዲት ማስተካከያ።

አውስትራሊያዊው ጆን ስዌለር ለዓመታት ያጠናው ይህን ነው። አንድን ነገር እያሰብን ሳለ በጭንቅላታችን ይዘን የምናገላብጠው ጥቂት ነገር ብቻ ነው። አዋቂ ሰው ግን ብዙውን ነገር በአንድ ጥቅል አስሮ ስለያዘ ቦታ ይተርፈዋል። ለቴክኒሻኑ «ፌዝ ጎደለው» አንድ ሐሳብ ነው። ለእኔ ማጉረምረሙ፣ ሪሌዩ፣ ሦስቱ ሽቦዎች፣ ኮንታክተሩ፣ ፓምፑ እያንዳንዳቸው የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። በዚያ ላይ ኃላፊዬ አጠገቤ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ስዌለርና ግርሃም ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ጥናት አልጀብራ የሚማሩ ተማሪዎች ጥያቄዎችን ራሳቸው ከሚታገሉ ይልቅ ተሠርተው ያለቁ ምሳሌዎችን ሲያጠኑ ጊዜ ቆጠቡ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብላቸውም ስሕተታቸው አነሰ።

«አልጀብራ ሌላ፣ ፋብሪካ ሌላ» የሚል ይኖራል። እሺ። ስላቫ ካልዩጋ ከስዌለርና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት ጥናት ደግሞ የተሠራው በሙያ ሠልጣኞች ላይ ነው። የተማሩትም ከእኔው ሞተር ጋር የሚዛመድ ነገር ነበር፦ ለሪሌይ ሰርኪውቶች የፒ.ኤል.ሲ. ፕሮግራም መጻፍ። ጀማሪ ሳሉ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ያዩት በተሻለ ተማሩ። ልምድ እያገኙ ሲሄዱ ግን ብልጫው ጠፋ፤ በቂ ልምድ ካገኙ በኋላ እንዲያውም ነገሩ ተገለበጠ። ያኔ ራሳቸው ችግሩን መፍታታቸው ከምሳሌው በለጠ።

የጽሑፌ ፍሬ ነገር ይህ መገለባበጥ ላይ ነው። መጠየቅና ማሳየት ጠላቶች አይደሉም፤ ተራ ያላቸው ናቸው። ለጀማሪ ማሳየት ይቀድማል። ልምድ ሲይዝ ማሳየቱ ይቀንስና ጥያቄው ይበዛል። አምስት ዓመት ሞተር የጠገነን ሰው በየሽቦው እያሳዩ ማስተማር ስድብ ነው። ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ያለን ልጅ ደግሞ «አንተስ ምን ይመስልሃል?» እያሉ መተው፣ ነገሩ አክብሮት ቢመስልም፣ ሰውየውን ብቻውን መጣል ነው። ሲሳሳት ደግሞ ጥፋቱ የሱ ይሆናል፤ አማራጩን የመረጠው እሱ ነዋ!

ከዊትሞር በፊት የነበረ ዘዴ

ይህን ቅደም ተከተል ሰዎች ድሮ ያውቁት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ማሽን ነክተው የማያውቁ በርካታ አዳዲስ ሠራተኞችን ቶሎ ማብቃት ነበረባቸው። መንግሥት ከ1940 እስከ 1945 «በኢንዱስትሪ ውስጥ ማሠልጠን» የሚባል ፕሮግራም አካሄደ። ፎርማኖች ሠራተኛ የሚያስተምሩበት ዘዴ አራት ደረጃ ነበረው። አንደኛ፣ ሠራተኛውን አረጋጋው፣ ምን እንደሚያውቅም ጠይቀው። ሁለተኛ፣ ሥራውን እያሳየህ ንገረው፤ ዋና ዋና ነጥቦቹን ለምን እንደሆኑ ጨምረህ። ሦስተኛ፣ እሱ ይሥራው፤ እየሠራም ነጥቦቹንና ምክንያታቸውን መልሶ ለአንተ ያስረዳ። አራተኛ፣ ለብቻው አሠማራው፤ ማንን እንደሚጠይቅ ንገረው፣ እየተመላለስክ እየው፣ ቀስ በቀስ ራቅ በል።

ጥያቄው የት እንደገባ አያችሁ? መጀመሪያ ላይ አለ፣ ምን እንደሚያውቅ ለማወቅ። ሦስተኛው ላይ አለ፣ የገባው መሆኑን ለማረጋገጥ። በመካከሉ ግን ማሳየት አለ። የዚያ ቴክኒሻን አካሄድ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ከአባት ጌታው የተማረው ይሆናል እንጂ ከመጽሐፍ አይመስለኝም።

ከጦርነቱ በኋላ ይህ ዘዴ ጃፓን ገባ፤ ዛሬ ካይዘን ለምንለው አሠራር ከመሠረቶቹ አንዱ ሆነ። ካይዘን ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፉትን አምስቱን «ማ»ዎች ብዙዎቻችሁ በኢንተርንሺፕ አይታችኋል። ከሥሩ ያለው የማስተማር ዘዴ ግን እንደ ፖስተሩ በቀላሉ ዓይን ውስጥ አይገባም።

ታዲያ ኮቺንግ አይሠራም?

ይሠራል። ሚዛናዊ ለመሆን ይህንንም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2016 የወጡ ብዙ ጥናቶችን የደመሩ ሁለት ምርመራዎች የሥራ ቦታ ኮቺንግ በአማካይ ጥቅም እንዳለው አሳይተዋል። የ2016ቱን የሠሩት ሬቤካ ጆንስና ባልደረቦቿ አንድ ትኩረት የሚስብ ነገር አግኝተዋል፦ ከውጭ ከመጡ ኮቾች ይልቅ ከዚያው ድርጅት ውስጥ የሆኑ ኮቾች የበለጠ ውጤት አስገኝተዋል። የተደመሩት ጥናቶች 17 ብቻ ስለሆኑ እዚህ ላይ ቤት አልሠራም። ቢያንስ ግን «የማያውቅ ይሻላል» ለሚለው ሐሳብ ድጋፍ አይሰጥም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። የዊትሞር መጽሐፍ ልምድ ላላቸው ሰዎችና ለአለቆቻቸው ጥሩ መጽሐፍ ነው። ትእዛዝ ብቻ የለመደ ኃላፊ አንብቦት ቢለወጥ እሰየው። ጉድለቱ ለማን፣ መቼ እንደሚሠራ ወሰኑን አለማስመሩ ነው። ቴኒስ ሜዳን አይቶ ፋብሪካውን ሁሉ ቴኒስ ሜዳ አደረገው። ያ ወሰን ሳይሰመር ሲቀር ዋጋውን የሚከፍለው መጽሐፉን ያላነበበው ነው፤ ማለትም ትናንት የተቀጠረው ልጅ።

ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ያ ልጅ ትሆናላችሁ። ኃላፊያችሁ «ምን አማራጭ ይታይሃል?» ወይም «ይታይሻል?» ሲላችሁ ባዶ ከሆናችሁ አትፈሩ፣ ለመምሰልም አንድ ነገር ፈጥራችሁ አትመልሱ። እኔ ያደረግኩት እሱን ነው። «እስካሁን አላውቀውም፤ አንድ ጊዜ ሲሠራ ማየት እችላለሁ? ከዚያ እኔ ልሥራውና እያስረዳሁ ያርሙኝ» በሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ደረጃ መጠየቅ ነው። ሥራችሁ ልክ መሆን አለመሆኑን በምን እንደምታውቁም ጠይቁ። የሚለካው በምንድን ነው? ቁጥሩ የት ይታያል? ስሕተት ከሆነ መቼ ነው የሚታወቀው?

አንድ ቀን ደግሞ እናንተ ራሳችሁ አንድ ልጅ ያልተነሳ ሞተር አጠገብ ቆሞ ታገኛላችሁ። ያኔ መጀመሪያ ክላምፕ ሜትሩን ስጡት፣ የት እንደሚያዝ አሳዩት። ዜሮዋን በዓይኑ ይያት። ከዚያ ጠይቁት።